ለእሳት የተቀመጠ ውሃ

ታንከሩን በጣቴ አንጓ ማንኳኳት ከጀመርሁ ወዲህ እረፍት የሚባል ነገር አላውቅም። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት አንኳኳለሁ፤ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንኳኳለሁ። አናቱ አካባቢ ስመታው ድምፁ ወፈር ብሎ ከታፈነ ሙሉ ነው፤ ባዶ ከበሮ ከመሰለ ጎድሏል። አንዳንድ ቀን ከሁለቱም መሃል የሆነ ድምፅ ይሰማኝና ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ያንን ድምፅ ስተረጉም እውላለሁ። የአንዱን ተማሪ የትምህርት ማስረጃ ለሌላው ሰጥቼ የተመለሰልኝም በዚሁ ሰሞን ነው።

ቤታችን ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ፣ የሐይቁ ደንገል ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ታክኮ በሚቆምበት መንገድ ውስጥ ነው። ከባንክ ተበድረን ገዛነው፤ ዕዳው ገና ብዙ ይቀረዋል። ባለቤቴ የሚሠራው ቆጋ መስኖ ላይ ስለሆነ መራዊ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ቤቱን የሚያየው ቅዳሜና እሁድ ነው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ቢሮ እሠራለሁ። በአዘቦት ቀን ከእኔ ጋር የሚኖሩት አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዘጌ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ዓይናቸውም ሲደክም እኔ ዘንድ መጡ። ሲመጡ የያዙት አንድ መቋሚያ፣ አንድ ጋቢና የማያልቅ ትዕግሥት ነበር። ከሦስቱ አንዱን እንኳ አልወረስሁም።

ባንኩ ሲያበድረን ቤቱ በየዓመቱ የእሳት ኢንሹራንስ እንዲገባለት አስፈርሞናል። እስከ ዘንድሮ ድረስ ማሳደስ ማለት አረቦኑን ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሎ መውጣት ነበር። ዘንድሮ ስሄድ ግን መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ደረሰኝ በመቁረጥ ፈንታ «የመኖሪያ ቤት ኢንሹራንስ ደንብ ተቀይሯል» አለችኝ።

«ምን ተቀየረ?»

«ቤቱ በዓይን ሳይታይ ውል አይታደስም። የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንገድ ላይ ያለ ቤት ደግሞ ግቢው ውስጥ ምንጊዜም የሞላ የውሃ ታንከር ሊኖረው ይገባል።»

«ምንጊዜም?»

«ምንጊዜም። ተቆጣጣሪው ቀን አይነግራችሁም።»

«መጥቶ ጎድሎ ቢያገኘውስ?»

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ከዚያ ወጥቼ ባንክ ሄድሁና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። ኢንሹራንስ የሌለው ቤት ላይ ብድር እንደማይቆይ፣ ብድሩ በአንድ ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ ካልተከፈለ ቤቱ ለሐራጅ እንደሚወጣ በጣም በሚያምር ትሕትና አስረዱኝ። ሻይ እንድጠጣም ጋብዘውኛል።

ጥቁር ታንከር ገዛን፤ ድንጋይ ደልድለን አስቀመጥነው። እሱን መሙላት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው ይባላል እንጂ ፈረቃው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቧንቧው አርጅቷል፤ ሲመጣም እንደ ሽማግሌ ሳል ቱፍ ቱፍ ብሎ ያቆማል። ባልዲ ደቅነን፣ በጀሪካን ቀድተን፣ በጋሪ ከሚሸጡት ገዝተን፣ በስንት መከራ አናቱ ላይ ካለችው መስመር አደረስነው። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ደወልሁ።

«ሞላ!» አልሁት።

«እኔም እዚህ የገበሬውን ድንች አጠጥቼ መጣሁ» አለኝ። «ሁላችንም ውሃ በውሃ ሆነናል በይኛ።»

ቆሽቴ አረረ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ቦይ ሙሉ ውሃ ለድንች ሲለቅ ይውላል፤ እኔ ለጥርሴ መታጠቢያ በጣሳ እለካለሁ። የታንከሩ ውሃ አይነካማ! ለእሳት ነው። የምንጠጣው ከጋሪ የሚገዛውን ነው፤ የምንታጠበውም ያንኑ ነው። ለአባቴ ብቻ እንዳይቸገሩ ብዬ የራሳቸውን ጀሪካን ክፍላቸው አስቀመጥሁላቸው። እሱ ሲያልቅ ቀድሜ የምሞላው እሱን ነበር።

በዚያው ሰሞን እድራችን ስለ ቧንቧው ስብሰባ ጠራ። የእድሩ ዳኛ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው፣ የመጠጥ ውሃ በጀት አሠራርም መለወጡን ነገሩን። ድሮ መንግሥት ቧንቧውን ዘርግቶ ይጨርስና ሕዝቡ ይጠቀማል፤ አሁን ሕዝቡ አስቀድሞ ድርሻውን ማዋጣት አለበት፤ ክልሉ የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሲሉ ድንኳኑ ተናወጠ። ተከራዮች «ቧንቧው ለባለቤቱ ነው፤ እኛ ምን አገባን» አሉ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያለው ሰው «እኔ ውሃ አለኝ» ብሎ ተነሣ። አንዲት ሴት ደግሞ «ለመቅበር ሳንጠራ እናዋጣለን፤ ለመጠጣት ሲሆን ኮሚቴ ይቋቋም እንላለን» ብትል ሰው ሁሉ ሳቀና ኮሚቴ ተቋቋመ።

እኔ አልሳቅሁም። ቁጭ ብዬ የማስበው ቤት ጥዬው የመጣሁትን ታንከር ነበር። አንድ ሰው ገብቶ ቢከፍተውስ? የአጥራችን ቆርቆሮ ዝገት የበላው ነው። ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥቼ ሄድሁ፤ በነጋታው ከገበያ ቁልፍ ገዝቼ የታንከሩን ቧንቧ ቆለፍሁት። ቁልፉን ከአንገቴ ማተብ ጋር አሰርሁት።

አባቴ የቁልፉን ድምፅ ሰምተው ከክፍላቸው ወጡ። በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አድርገው ለዩት።

«ውሃ ይቆለፋል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«ቤታችንን እንዳይወስዱብን ነው አባዬ።»

«ደግ» አሉና ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰፈሩ ግን ደግ ብሎ አልተወኝም። ከአጥራችን ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ስታልፍ ስታገድም «ባለ ቁልፏ እንዴት አደርሽ?» ትለኝ ጀመር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የምመልሰው፤ ሁለታችንም አንስቅም ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ ዕጣን ዕጣን ይሸታል፤ የታንከሩ ክዳን ተከፍቷል፤ አባቴ ደግሞ እንደ ሙሽራ ፊታቸው በርቷል። ከዘጌ በጀልባ የመጡ የድሮ ጓደኛቸው፣ ቄስ ናቸው፣ አብረዋቸው ተቀምጠዋል።

«ነይ ልጄ፣ ነይ» አሉኝ አባቴ። «እንቅልፍ አጥተሽ ስትንከራተቺ አይቸ ሆዴ አልችል አለ። ወንድሜ ጸሎት አድርሰውበት፣ መስቀል ነክረው፣ ከዘጌ ያመጡትን ጠበል ጨመሩበት። እንግዲህ ቤትሽ ዋስ አገኘ፤ እሳት አይደርስበትም።»

«አባዬ!» አልሁ።

«ምነው? ምን አጠፋን?»

ምን ልበላቸው? ሀገራችን ላይ የተቆለፈ ውሃ መከልከል ይቻላል፤ ጠበል መከልከል ግን አይቻልም። ጠበል ልብስ አይታጠብበትም፤ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ የለመነህን ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አትመልስም። ሁለቱ አባቶች ቤቴን ከእሳት ሲያድኑ ታንከሬን ለሰፈሩ በሙሉ ከፍተውታል፤ ይህን ያላወቁት እነሱ ብቻ ናቸው። የቄሱን ዜማ ጎረቤት ሁሉ በአጥሩ ሰምቷል። ቄሱን እጅ ነሥቼ ቡራኬ ተቀበልሁና ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ተናደድሁ።

በነጋታው ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ባለ ሱቋ ናት። በነጠላዋ ሥር ደብቃ የያዘችው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ባለ ቁልፏ አላለችኝም።

«እቴ፣ እናቴን ጉልበቷን ይዟት አልጋ ላይ ናት» አለች። «ትንሽ ብቻ።»

ማተቤን ከአንገቴ ሳላወልቅ ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ከፈትሁ። ትንሽ ቀዳሁላት። እሷ ስትወጣ ሌላዋ ገባች፤ ልጇ ትኩሳት አለባት። ከዚያ በመንገዱ ማዶ ያሉ ሽማግሌ መጡ። ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። ከትንሽ ጠርሙስ በላይ አልቀዳም ብዬ ሕግ አወጣሁ፤ ሰዉም ሕጌን አከበረ። ጠርሙሱ ግን ስንት ነው! በየቀኑ ልቤ ከውሃው ጋር ወደ ታች ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ቧንቧውም በዚያ ሰሞን ጭራሽ ጠፋ።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። ከሥራ ስመለስ አንኳኳለሁ፤ ውሃው ከምፈራው በላይ ነው። ጠዋት ቀድቼ ለሰው የሰጠሁት ማታ የተመለሰ ይመስላል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ ከመስመሯ ዝቅ ያለው አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው። ለባለ ሱቋ አፌ ሾልኮ ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አያልቅም እኮ ነው!» አለች።

ወሬው ከእሷ ሱቅ ከስኳርና ከሳሙና ጋር ተሸጠ። የሚመጣው ሰው እጥፍ ሆነ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማመን ጀመርሁ። የተማርሁ ነኝ፤ ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ታንከሩን ሳንኳኳ በሌላ እጄ ማማተብ ጀመርሁ። ለባለቤቴ በስልክ ስነግረው «ውሃው በጠዋት ብርድና በቀን ሙቀት ጠበብ ሰፋ ሲል ይሆናል» ምናምን አለኝ። መስኖ ይወቅ እንጂ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃል ብዬ ዘጋሁበት።

አባቴ በጾሙ ከስተው ነበር። አይገርምም፤ ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቅዳሴ ሲወጣ ነው እህል የሚቀምሱት፤ ከዚያ በፊት ውሃም አይነኩም። በዕድሜዎ ይቅርብዎ ብዬ በየዓመቱ እለምናለሁ፤ በየዓመቱ «ደግ» ይሉኝና አይተዉም። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ሳይ ጾሙ ነው አልሁ። ድምፃቸው ሲሻክር ጾሙ ነው አልሁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳይነቃነቁ ረጅም ጊዜ ሲቆዩም ጾሙ ነው አልሁ። የዜማ መምህር ቤት ያደገ ሰው ጾም ሲያይ አይደነግጥም።

አንድ ቀን ቢሮ መቀመጥ አልቻልሁም። ምክንያት አልነበረኝም። አለቃዬን ራስ ምታት ነው ብዬ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ሄድሁ። መንገዳችን አፍ ላይ ፋይል በብብቱ የያዘ ሰው በር በሩን እያየ ቆሟል። የቤት ቁጥር ጠየቀኝ። የእኛ ነው።

«ለኢንሹራንሱ ነው» አለኝ። «ታንከሩን ለማየት።»

መራሁት። አያልቅም ብዬ በልቤ እደግማለሁ። በሩን ገፋ ሳደርገው አባቴ የእንጨት መቀመጫቸው ዱካ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው የታንከሩን ጠርዝ ይዘው፣ በሌላው በጣሳ ውሃ ሲጨምሩ አገኘኋቸው። ከእግራቸው ሥር ከክፍላቸው ያወጡት ጀሪካን አለ። ቀስ ብለው ያዜማሉ፤ ዜማው ግን በደረቀ ጉሮሮ ይቆራረጣል።

«አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደነገጡ። «አንች ነሽ? ምነው በዚህ ሰዓት?»

«ይኸ የሚጠጡት ውሃ አይደለም እንዴ?»

«ጾም አይደለም እንዴ፣ ምን ውሃ ያሻኛል?»

«ከቅዳሴ በኋላስ? ማታስ?»

ጣሳውን የታንከሩ ጠርዝ ላይ አኖሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንግዳው እንዳይሰማ ይመስል፣ «ሕዝቡን የጠራሁብሽ እኔ ነኝ ልጄ» አሉኝ። «ውሃሽን ያጎደልሁት እኔ ነኝ። ታዲያ በእኔ ምክንያት ቤትሽን ይውሰዱብሽ?»

እንግዳው ሰምቷል። መሬት መሬት እያየ ወደ ታንከሩ ተጠጋና በጣቱ አንጓ አንኳኳ፤ ልክ እንደ እኔ። በክዳኑ ወደ ውስጥ አየ። «ትንሽ ነው የቀረው» አለ፤ ሊረዳን ፈልጎ ነው። «ያችን ጀሪካን ብትጨምሩባት መስመሩ ላይ ይደርሳል።»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ቸኩለው ወደ ጀሪካኑ ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸው ከዳቸው። እኔ በአንድ ወገን፣ ሰውዬው በሌላ ወገን ያዝናቸው፤ ጀሪካኑ ግን ተገልብጦ ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ዱካው ላይ አስቀመጥናቸው። እጃቸው እሳት ነው፤ ቆዳቸውን ስይዘው እንደተያዘ ይቀራል። ማተቤን ጎትቼ በጠስሁትና ቁልፉን ከፈትሁ። ጣሳውን ሞልቼ ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ።

ፊታቸውን አዞሩ። «ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ሰዓቱን እኔ ለእግዜር እነግረዋለሁ! ይጠጡ!» ብዬ ጮህሁ። አባቴ ላይ ጮሄ አላውቅም ነበር።

ከንፈራቸውን አረጠቡ፤ ከዚያ በላይ አልሆነም። ራሳቸው ላይ አፈሰስሁ፤ ደረታቸው ላይ አፈሰስሁ፤ እግራቸውን አጠብሁ። ጠበሉ እግር በሚረግጠው መሬት ላይ ይወርዳል፤ ግድ አልሰጠኝም። ቧንቧውን መዝጋት ማን አስታወሰ! ባለ ሱቋ ጩኸቴን ሰምታ ገብታ ባጃጅ ልትጠራ ስትሮጥ፣ ውሃው በግቢው መሃል ቦይ ሠርቶ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ የዘጋው እንግዳው ነው።

ቆሞ ታንከሩን አየ፤ አባቴን አየ፤ ፋይሉን ከፈተ። «እኔ የምጽፈው ታንከሩን ነው» አለኝ። እስክሪብቶው ግን ወረቀቱን አልነካም ነበር። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ‹አልሞላም› ነው የምጽፈው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ እመጣለሁ፤ እሱ የመጨረሻው ነው።»

«ይጻፉ» አልሁት። «አልሞላም።»

ባጃጁ በመንገዳችን ስለማይገባ አባቴን እኔና እሱ ደግፈን እስከ ዋናው መንገድ አደረስናቸው። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሰቀሉላቸው። ነርሷ ክንዳቸውን እየነካካች ቆየችና ወደ እኔ ዞር አለች።

«የሰውነታቸው ውሃ አልቋል» አለችኝ። «ቤታችሁ ውሃ የለም እንዴ?»

አለ ብላት ውሸት ነው፤ የለም ብላትም ውሸት ነው።

ይህን ስጽፍ ፋሲካ ገና ነው። እድሩ ሰዉን እየለመነም እየተቆጣም ድርሻውን ሰብስቧል፤ ክልሉ የሚጨምረውን እስኪጨምር እየጠበቅን ነው። ቦዩ እስከ መንገዳችን አፍ ተቆፍሮ ቆሟል፤ ማታ ማታ ሰው እየዘለለው ይገባል። ባንኩ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። ታንከሩን አሁንም አንኳኳለሁ፤ ድምፁ ባዶ ከበሮ ነው። ቁልፉን ግን ቧንቧው ላይ አልመለስሁትም።

ከጤና ጣቢያው የተመለስን ዕለት፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ፣ ባለ ሱቋ አንድ ጀሪካን ተሸክማ መጣች። «ለእሳቸው ነው እንጂ ለታንከሩ አይደለም» ብላ አስቀምጣልኝ ሄደች። ትልቁን ብርጭቆ ሞልቼ ለአባቴ ሰጠሁና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ፤ ሳይጠጡ እንዳልነሣ ነግሬያቸዋለሁ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ቤቱስ ልጄ?» አሉኝ። «ምን አለ ሰውየው?»

«ቤቱማ ይኸው» አልኋቸው። «ተቀምጦ ውሃ ሊጠጣ ነው።»

ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ቀስ ብለው ጀመሩና፣ ሲያጋምሱት ፈጠን አሉ፤ እታች እስኪደርስ አላቋረጡም። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ» አሉ።